የሐዘንተኛው በር

ብዙም ባልራቀ በአንድ ወቅት፣ በሐይቅ ዳር ባለች የቲማቲም ከተማ ሦስት ጎረምሶችና አንድ ላፕቶፕ ነበሩ። ላፕቶፑ ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ ካልሰኩት የማይነሳ ነበር። ጎረምሶቹም ከእሱ ብዙ አይሻሉም ነበር።

ሦስቱም ያደጉት የቲማቲም ሳጥን እየተሸከሙ ነው። ሳጥኑ የእንጨት ነው፤ ሚስማሩ ወጣ ወጣ ይላል። ከሦስቱ አንገቱ ሥር የሚስማር ጠባሳ የሌለበት አልነበረም። የሚያድሩት ቲማቲሙ መኪና ላይ ከሚጫንበት ከመጫኛው ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ነበር። ፍራሹ አንድ ስለሆነ በተራ ይተኙበታል። ላፕቶፑ ሲመጣ በእሱም ተራ ያዙ፤ አንዱ ሲጽፍ ሁለቱ ከኋላው ቆመው ያያሉ። ስለዚያ ዘመን ከዚህ በላይ መናገር አያስፈልግም።

አንዱ ቦንሳ ነው። ቦንሳ ጆሮ ነበረው። ሰው ሲያወራ አያቋርጥም፤ የሰማውንም አይረሳም።

ሁለተኛው ሸምሱ ነው። ሸምሱ እጅ ነበረው። ሁለት የማይገናኙ ነገሮች ካየ ሳያገናኛቸው እንቅልፍ አይወስደውም።

ሦስተኛው ይርዳው ነው። ይርዳው አፍ ነበረው። ወሬኛ ነው ማለት አይደለም። ምን እንደሚጠየቅ፣ ማን እንደሚጠየቅ፣ በምን ቃል እንደሚጠየቅ ያውቃል። ለመጫኛው አለቃ የሚናገርላቸው እሱ ነበር። በሕይወቱ ግን ስሙ በአንድም ወረቀት ላይ ተጽፎ አያውቅም።

በከተማዋ ዳር ሠላሳ ሁለት ገበሬዎች የሚጠጡት፣ ማሳቸውንም የሚያጠጡት አንድ ቦይ ነበር። የቦዩ የውሃ አባት ጋሽ ሁንዴ ናቸው። የውሃ አባት ማለት የማን ተራ እንደሆነ የሚያውቅ፣ የውሃውን በር የሚከፍትና የሚዘጋ፣ ሲጣሉ የሚዳኝ ሰው ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ከበር በር ሲመላለሱ ጉልበታቸው ከዳቸው። የቦዩ ማኅበር ኮሚቴ መከረና አራቱን ዋና በሮች በሞተር አደረጋቸው። በእያንዳንዱ በር ላይ አንዲት ሳጥን፣ በሳጥኗ ውስጥ አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር ተቀመጠች። የጎደለው ለሳጥኗ የጋሽ ሁንዴን ዕውቀት የሚነግራት ሰው ነበር።

ኮሚቴው ሦስቱን ጎረምሶች ጠራና እንዲህ አላቸው፦ «ሥራውን ሦስታችሁም ሥሩት። ሲያልቅ ግን የበሮቹን ኃላፊ የምንቀጥረው አንድ ሰው ነው። የቅጥሩ ወረቀት ላይ የስም ቦታው አንድ ነው።»

«ማንን ትቀጥራላችሁ?» አለ ይርዳው።

«ሠርታችሁ አሳዩን። ያኔ ራሱ ይለያል።»

ወጥተው እስከ ቆርቆሮዋ ድረስ አልተነጋገሩም። ከዚያ ሸምሱ «የተቀጠረው ፍራሹን ይለቃል» አለ። ሳቁ። ሦስቱም ግን ያንን ወረቀት ፈልገው ነበር፤ ይርዳው ደግሞ ከሁለቱም ይልቅ።

ለሳጥኗ የመረጡት የፕሮግራም ቋንቋ ከማሽኑ አንጀት ጋር በቀጥታ የሚነጋገር፣ ግን ጥብቅ የሆነ ነበር። የቋንቋው ሕግ እያንዳንዱ ነገር አንድ ባለቤት ብቻ ይኑረው ይላል። ሌላው ከፈለገው ይዋሳል፤ የተዋሰ ይመልሳል። ሳይመለስ ሌላው ልንካው ቢል ኮምፓይለሩ፣ ማለት የተጻፈውን መርምሮ የሚያሳልፈው መሣሪያ፣ አላሳልፍም ብሎ ይመልሳል። ቦንሳ ይህን ለጋሽ ሁንዴ ሲነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ይሄማ የእኔ ውሃ ነው!» አሉ። «ለዚህ ነው ሰው ባሕር ተሻግሮ የሚማረው?»

ሥራውን ተከፋፈሉ።

ቦንሳ በጆሮው ሠራ። አሥራ ሦስት ቀን ከጋሽ ሁንዴ ሥር ተቀምጦ የቦዩን ደንብ ሁሉ ከአፋቸው ለቀመ፤ ሠላሳ ሁለት ሆነ። እያንዳንዱንም ደንብ አንድ ፈተና አድርጎ ጻፈው። ፕሮግራሙ ደንቡን ከጣሰ ፈተናው ቀይ ይሆናል፤ ከጠበቀ አረንጓዴ። ሰባተኛው ደንብ «ሦስተኛው በር ሳይዘጋ አራተኛው አይከፈት» ይላል፤ ሁለቱ በሮች ወደ አንድ የአፈር ቦይ ስለሚያፈስሱና ቦዩ የሁለቱን ውሃ ስለማይችል። አሥራ ዘጠነኛው ደግሞ «ሐዘን የደረሰበት ሰው በሩ አይነካም፤ ተረኛውም አይዘግይ» ይላል። ቦንሳ ሁለቱን ጎን ለጎን አይቶ ግራ ገባው። ሐዘንተኛው ሦስተኛው በር ላይ ቢሆንስ? በሩ አይነካም፣ አራተኛው አይዘገይም፣ ሁለቱ ደግሞ አብረው አይከፈቱም። ሊጠይቅ ሄደ። ጋሽ ሁንዴ የዚያን ቀን ጉልበታቸውን አሟቸው ነበር፤ ገና አፉን ሲከፍት «ልጄ፣ ይሄን ደንብ ስንት ጊዜ ልንገርህ?» አሉት። ይሉኝታ ያዘው። ሽማግሌ ተደጋግሞ አይጠየቅም ብሎ ሁለቱንም እንዳሉ ጽፎ ተወው።

ሸምሱ በእጁ ሠራ። ኮዱን የሚጽፍላቸው አንድ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት ነበራቸው። ረዳቱ ብልህ ነው፤ ግን ዕውር ነበር። የሌለ ትእዛዝ አለ ብሎ ይጽፋል፤ ኮምፓይለሩ ምን ብሎ እንደመለሰው አያይም። ይርዳው የኮምፓይለሩን ስድብ እየገለበጠ ለረዳቱ፣ የረዳቱን መልስ እየገለበጠ ለኮምፓይለሩ ሲያቀብል ይውላል። «አንተ የተጣሉ ባልና ሚስት አስታራቂ ሆነሃል እኮ» አለው ሸምሱ። ከዚያ ስምንት ቀን አጎንብሶ በረዳቱና በመሣሪያዎቹ መሐል ድልድይ ሠራ። ረዳቱ ኮምፓይለሩን ራሱ የሚጠይቅ፣ የቋንቋውን መጽሐፍ ራሱ የሚያገላብጥ፣ የቦንሳን ፈተናዎች ራሱ የሚያስኬድ ሆነ። አንድ ፋይል ከመለወጡ በፊት ብቻ «ልቀጥል?» ብሎ ሰውን ይጠይቃል።

«ደንቦቼን ግን እንዳይነካብኝ» አለው ቦንሳ። «ያንብባቸው እንጂ አይጻፍባቸው።»

«እቆልፋቸዋለሁ።»

«መቼ?»

«ለኮሚቴው ከምናሳይበት፣ ከማሳያው ቀን በኋላ። ሁለት ቀን ይፈጃል፤ አሁን ጊዜ የለም። ደሞ ሰው እየፈቀደለት አይደል እንዴ?»

ያ ሰው ይርዳው ነበር። ይርዳው በአፉ ሠራ። ረዳቱ ሲሳሳት አይቆጣም፤ ነገሩን በትኖ በሌላ ቃል ይጠይቀዋል። ያለ እሱ አጠያየቅ ድልድዩም ደንቡም ፕሮግራም አይሆኑም ነበር፤ ይህን ሁለቱም ያምናሉ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ሠላሳው ፈተና አረንጓዴ ሆነ። የቀሩት ሁለት ናቸው፤ ሰባተኛውና አሥራ ዘጠነኛው። አንዱ ሲያልፍ ሌላው ይወድቃል።

ከማሳያው ቀን በፊት ባለው ቀን ከሰዓት በኋላ ሸምሱና ቦንሳ የሳጥኖቹን ሽቦ ሊገጥሙ ወደ ቦዩ ወረዱ። ይርዳው ብቻውን ቀረ። ረዳቱ «ልቀጥል?» ይላል፤ ይርዳው «ይፈቀድ» ይጫናል። ይሞክራል፤ ይወድቃል። «ልቀጥል?» ይላል። አርባ አንድ ጊዜ ሆነ። ጣቴ ደከመኝ እንዳይል ሳጥን የተሸከመ ጣት ነው። የደከመው መጠየቁ ነበር። ከታች «ሁልጊዜ ይፈቀድ» የሚል ቁልፍ ነበረ፤ እሱን ተጫነና ፊቱን ሊታጠብ ወጣ።

ሲመለስ ስክሪኑ ላይ ቀይ አልነበረም። ረዳቱ ምን እንደሠራ በአጭሩ ጽፎለታል። የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ሰባተኛውና አሥራ ዘጠነኛው ደንብ አብረው ሊፈጸሙ አልቻሉም። ሰባተኛውን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጌዋለሁ። በሮቹ ላይ ከመጫኑ በፊት እባክዎ ሰው ይወስንበት።»

ይርዳው መስመሩን አነበበው። ደግሞም አነበበው። ቦንሳን መጥራት ነበረበት። ቢጠራው ማሳያው ይተላለፋል፤ ወረቀቱም አብሮ ይተላለፋል። ሁለቱ ደንቦች የሚጋጩት ሰው ሲሞት ብቻ ነው፤ እሱም የሦስተኛው በር ባለተራ ዘመድ ሲሞት።

«ነገ ማን ይሞታል?» አለ በልቡ።

ጽሑፉን ዘጋው። ከተቀመጠበት ሆኖ ፕሮግራሙን በኔትወርክ ወደ አራቱ ሳጥኖች ጫነው።

ቦንሳ ተመልሶ ጫማውን ሳያወልቅ ጠየቀው፦ «እህስ፣ ሁሉም አለፈ?»

«አልፏል» አለ ይርዳው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሠላሳ ሁለቱም ገበሬዎች ከነቤተሰባቸው ቦዩ ዳር ተሰበሰቡ። አንደኛው በር ተከፍቶ ተዘጋ፤ ሁለተኛው ተከፍቶ ተዘጋ። ጭብጨባ ሆነ። ሦስተኛው ተከፈተ። የሦስተኛው በር ባለተራ ቱሉ የሚባል ሰው ነበር። ማሳው ገና በግማሹ ሲረጥብ ስልኩ ጮኸ። ሰማ፤ ስልኩን ከጆሮው ሳያወርድ አንገቱን ደፋ። ወንድሙ ሞቷል።

ሰው ሁሉ «ነፍስ ይማር» እያለ ከበበው። በሳጥኗ ላይ ሐዘን ሲደርስ በሩን ባለበት የምታቆይ ቁልፍ አለች፤ ከሰዎቹ አንዱ ተጫናት። «ማሽኑም ለቅሶ ያውቃል!» አለ አንድ ሽማግሌ፤ አገሬው ተደነቀ። ቱሉን ደግፈው ወሰዱት። በሩ ክፍት ቀረ።

ጋሽ ሁንዴ ከዘራቸውን ይዘው ወደ ሦስተኛው በር ተነሡ። ለምን እንደተነሡ ማንም አልጠየቀም። ይርዳው አፉ ቀደመው።

«ይቀመጡ ጋሼ» አላቸው። «ዛሬ ማሽኑ ያውቃል።»

እሳቸውም ተቀመጡ። ሰዓቱ ደረሰና አራተኛው በር ተከፈተ።

ውሃው ቦዩን ሳይሞላ ይርዳው አወቀ። መጮህ ይችል ነበር። አልጮኸም። የአፈሩ ግድግዳ መጀመሪያ አላበው፤ ከዚያ እንደ ቂጣ ተቆረሰ። ቦዩ መጨረሻ ላይ የእትዬ ፋንቱ ስድስት መደብ ሽንኩርት ነበር፤ ገና በሳምንቱ የተተከለ። የዓመት ጉርሳቸው ያ ነው። እያዩት አረንጓዴው በውሃው ላይ ተንሳፍፎ ወደ ሐይቁ ሄደ።

የሮጠው ሸምሱ ነው። የአራተኛውን በር የሞተር ሽቦ በጥሶ በሩን በእጁ ገፍቶ ዘጋው። ብረቱ መዳፉን ከአውራ ጣቱ እስከ አንጓው ቀደደው። ባይዘጋው የሦስት ሰው ማሳ አብሮ ይሄድ ነበር።

የተናገረው ቦንሳ ነው። ገበሬዎቹ «ማነው ይሄን ያደረገ?» እያሉ ሲጮሁ ላፕቶፑን ከአንደኛው በር ኤሌክትሪክ ላይ ሰክቶ አየ። ሰባተኛው ፈተና ወደ ጎን ተደርጓል። ፋይሉን ማን እንደነካው አላወቀም፤ ላፕቶፑን ሦስቱም የሚጠቀሙት በአንድ ስም ነው። የሚያውቀው ሳይጠይቅ የተዋቸውን ሁለት ደንቦች ነበር። ሣሩ መሐል ቆመ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ጆሮ አለው ስትሉን አልነበር?» አለ አንድ ገበሬ። «የአህያ ጆሮ!»

ይርዳው አጠገቡ ቆሞ ነበር፤ ክንዳቸው ይነካካል። ያነበበውን መስመር ግን አልተናገረም።

አሥራ አንድ ቀን አለፈ።

ሸምሱ መዳፉን በጨርቅ ጠምጥሞ በየቀኑ እትዬ ፋንቱ ማሳ እየሄደ መደቡን መልሶ ሠራ፤ ከየሰዉ የተለመነውን ችግኝ ተከለ። በሦስተኛው ቀን ተንበርክኮ እየተከለ ነገራቸው።

«እትዬ፣ ደንቦቹን እቆልፋለሁ ብዬ ሳልቆልፍ የቀረሁት እኔ ነኝ።»

እሳቸው ቀና አላሉም። «ቁልፉ ሽንኩርት ያበቅላል?»

«አያበቅልም።»

«እንግዲያው ትከል። አራርቀህ ትከል፣ ሰው አይደለም ተጠጋግቶ የሚኖር።»

ቦንሳ ወደ ሳጥን ተሸካሚነቱ ተመለሰ። በመንገድ ሲያልፍ ልጆች ጆሯቸውን እየያዙ ያሳዩታል። ማታ ቆርቆሮዋ ውስጥ የፍራሹን ተራ ለይርዳው ይለቅለታል። «አንተ ተኛ» ይለዋል፤ «ከስተሃል።»

ይርዳው ፍራሹ ላይ ጋደም ይላል። የሚያስታውሰው ውሃውን አይደለም፤ «ነገ ማን ይሞታል?» ያለውን ነው። ቱሉ ለሐዘን የተላጨ ራሱን ይዞ በመጫኛው ሲያልፍ ያየዋል። ወንድሙን የገደለው እሱ እንዳልሆነ ያውቃል። ቢሆንም ሰላም ሊለው አልቻለም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጋሽ ሁንዴ ከዘራቸውን እየተደገፉ ወደ ቆርቆሮዋ መጡ። በባዶ የቲማቲም ሳጥን ላይ ተቀመጡና ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

«ኮሚቴው ተሰብስቦ ነበር» አሉ። «በሮቹ ተዘግተው አይቀሩም፤ ውሃ ሰው አይጠብቅም። ቦንሳ ጥፋቱን አምኗል፤ እሱ አይሆንም። ሸምሱ እጁ ይዳን። ስሙ ያልተነሣ ይርዳው ነው። ይርዳው ይፈርም ተብሏል።»

ቦንሳ ትከሻውን መታ አደረገው። «እሰይ፣ እንኳን አንተ ሆንክ።»

ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ነበረ። ይርዳው ብዕሩን ተቀበለ። መስመሩን አየው። ከዚያ ብዕሩን መልሶ አስቀመጠ።

«አንብቤው ነበር» አለ።

«ምኑን?»

ነገራቸው። አርባ አንዱን ጥያቄ፣ የተጫነውን፣ የረዳቱን የመጨረሻ መስመር፣ በልቡ ያለውን፣ ለቦንሳ «አልፏል» ያለውን። ለጋሽ ሁንዴ «ይቀመጡ» ሲላቸው የፈራው ማሽኑ ያልሠራ እንዳይመስል መሆኑንም ነገራቸው። አሳጥሮ ተናገረ፤ ረጅም ቢያደርገው ሰበብ ይመስል ነበር።

«አሥራ አንድ ቀን» አለ ቦንሳ። «አጠገቤ ተኝተህ።»

ሸምሱ ግን ሌላ ጠየቀ። «እውነቱን ንገረኝ። ዛሬ እኔን ወይ ቦንሳን ሾመው ቢመጡ ትናገር ነበር?»

ይርዳው አሰበ። «አላውቅም» አለ።

«የረባ መልስ አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

ጋሽ ሁንዴ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መሬት መሬት ያዩ ነበር። ቦንሳ ወደ እሳቸው ዞረ። አሁን ይሉኝታው ለቆት ነበር።

«ጋሼ፣ የዚያን ቀን ለምንድነው የተነሡት?»

«ልዘጋው ነዋ።»

«የሐዘንተኛ በር አይነካም ብለውኝ!»

«ጎረቤት አይነካውም። የሚዘጋው የውሃ አባት ነው። ይዘጋና የቀረውን ውሃ ሌላ ቀን ይመልስለታል። ይሄም ይነገራል እንዴ?» አሉና ቀና ብለው ቦንሳን አዩት። «ለካ አልነገርኩህም። ሃያ ስድስት ዓመት ስዘጋው አንድም ቀን በቃል አውጥቼው አላውቅም።»

መጫኛው ላይ ሰዎች «ሃይ፣ ሃይ» እያሉ ሳጥን ያነሣሉ።

ጋሽ ሁንዴ ተነሡ። ወረቀቱን ሳጥኑ ላይ አኖሩት፤ ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ጫኑበት። «ሁለት ባለቤት ያለው ውሃ ባለቤት የለውም» አሉ። «እኔ አልመርጥም። ያልተነገረው ነገር ከእኔ ጀምሯልና ዳኛ መሆን አልችልም።» ከዘራቸውን እየተከሉ ሄዱ።

ነገሩ በከተማዋ ተሰማና አገሬው ተከፋፈለ። ቦንሳ ነው የሚገባው፣ ሌላው ሲሸሽ እሱ ቆሟል የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ፣ ሽማግሌ ለመጠየቅ ያፈረ ሰው ውሃ አይጠብቅም፤ የራሱን ግማሽ ጥፋት ሙሉ አድርጎ ሲሸከም የሌላውን ግማሽ ሸፈነ ይላሉ። ሸምሱ ነው፣ በሩን በሥጋው የዘጋ፣ መደቡን በእጁ የመለሰ የሚሉ አሉ። ሌሎቹ ደግሞ፣ በጊዜው ቆልፎ ቢሆን እጁም አይቀደድ፣ መደቡም አይሄድ ይላሉ። ይርዳው ነው የሚሉም አልጠፉም። ሹመት በእጁ ገብቶ መልሶ ያስቀመጠ ከእንግዲህ ያላነበበውን አይፈቅድም፣ ያነበበውንም አይደብቅም ይላሉ። እትዬ ፋንቱ ይህን ሲሰሙ «ጥሩ ሰው ለመሆን የእኔን ሽንኩርት ማጠብ ነበረበት?» አሉ።

ከሁሉም እውነቱን በሰዓቱ የተናገረው ረዳቱ ብቻ ነበር። ሆኖም ረዳት ወረቀት ላይ አይፈርምም፤ ውሃው ማሳ ቢያጠፋም ቦዩ ዳር ቆሞ የሚሰደብ አንገት የለውም።

ሦስቱ ጎረምሶች በባዶው ሳጥን ዙሪያ ቆመዋል። ብዕሩ አንድ ነው፤ መስመሩም አንድ ነው። ከሐይቁ በኩል ነፋስ መጥቶ የወረቀቱን ጠርዝ ማንሣት ጀምሯል።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ የበሮቹ ባለቤት ማን ይሁን?